የባሕር ፍየል

ዘመትን። በፈቃዳችን ነው የዘመትነው። በፈቃድ ማለት ያኔ እንዲህ ነበር፤ ቀበሌው አዳራሽ ይሰበስብሃል፣ ሊቀመንበሩ ከወረቀት ላይ ስምህን ይጠራል፣ ትቆማለህ፣ ከዚያ «ቆላ ወርደው መሃይምነትን ሊያጠፉ በፈቃዳቸው የተነሡ» ተብሎ ይጨበጨብልሃል። እኔም ለራሴ አጨበጨብኩ። ዘጠነኛ ክፍልን ጀምሮ ለተወ ሰው አስተማሪ መባል ቀላል ነገር አይደለም።

ከኛ ሰፈር ሦስት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ፣ የቀጥቃጭ ልጅ። አባቴ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል፣ እናቴ ገንና ድስት ትሠራለች። መካነ ሰላም ዙሪያ ያለው ገበሬ በአባቴ ማረሻ አርሶ፣ በእናቴ ድስት ቀቅሎ ይበላል። ከበላ በኋላ ቡዳ ይለናል። በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ነው ነገሩ። አብዮቱ ሲመጣ እንዲህ ብሎ መስደብ ክልክል ነው ተባለ። ሰውም ስድቡን ተወና ዝም ብሎ ልጁን ከኛ ዓይን መሸሸግ ቀጠለ። ትምህርት የተውኩትም በሌላ አይደለም። ጥቁር ሰሌዳው ጋ በወጣሁ ቁጥር ፊት ወንበር ያሉት ልጆች ደብተራቸውን ፊታቸው ላይ ይደቅናሉ። አንድ ቀን የአንዱን ደብተር ቀምቼ ወረቀቱን አፉ ውስጥ ጠቀጠቅሁለት፣ በዚያው ወጣሁ።

ሁለተኛው ሸሁ ነው። ሼህ እንኳ አያቱ ናቸው፤ እሱ ኳስ ተጫዋች ነው። አባቱ ገበያ መሃል ጨርቅ ይሸጣሉ። የሱም ዘመዶች እኛን አይወዱንም፣ እሱ ግን ቤታችን ዘው ብሎ ገብቶ ንፍሮ ይዘግናል። እናቴ ለዚያች ለዘገናት ንፍሮ ብላ ከኔ አስበልጣ ትወደዋለች።

ሦስተኛው ዲያቆኑ፣ የቄሱ ልጅ። አባቱ የኛ ቤት የነፍስ አባት ናቸው። ይመጣሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ መስቀል ያሳልማሉ፣ እህል ግን አይቀምሱም። «ጦም ላይ ነኝ» ይላሉ። የፋሲካ ማግስት መጥተውም ጦም ላይ ነበሩ። አባቴ «ይቆየን አባ» ብሎ እስከ በር ይሸኛቸዋል።

ለዲያቆኑ ወግዲ በኩል ያሉ የአንድ መሪጌታ ልጅ ታጭታለታለች፣ ሠርጉ ለጥር ነው። የቤተ ክህነት ነገር የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ዲያቆን ሳያገባ ቅስና አይቀበልም። ስለዚህ ያቺ ልጅ ለሱ ሚስት ብቻ አልነበረችም፣ ቅስናውም ነበረች። አባቱ ሲደክማቸው መቅደሱን የሚረከብ እሱ ነው። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ለዚያ ሲማር ኖሯል፣ ሌላ ነገር መሆን የሚባል ነገር እንዳለም የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

የዘመትነው ክረምቱን ነው። ባቲን ወርደን፣ ሚሌን አልፈን፣ ከሰው ግመል የሚበዛበት ሜዳ ላይ ጣሉን። ለኛ ለደጋ ሰው ከባቲ ወዲያ ያለው ሁሉ ውጭ አገር ነው። ቋንቋው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ ፀሐዩም የሌላ ሰው ፀሐይ ነው። በአስተርጓሚ ሀ ሁ አስተማርን። እኔ ሳስተምር ሽማግሌዎቹ ይተኛሉ። ዲያቆኑ ግን ፊደሉን እንደ የኔታ ቤት በዜማ ሲያወርደው ግመል ጠባቂው ሁሉ እየተወዛወዘ ይከተለው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ስማቸውን ጻፉ። የኔዎቹ አንድ መስመር ያሰምራሉ፣ «ይኼ ምንድነው?» ስል «ዱላ» ይሉኛል።

አንድ ጎጆ ውስጥ ነው ሦስታችንም የከረምነው። የምንበላውም ካንድ ትሪ ነው። እዚያ ማን አለና ይለየናል። ዲያቆኑ አልተጠየፈኝም፣ እጁን ከእጄ ጎን ሰድዶ ይቆርሳል። ግን የኔ ዓይን እጁ ላይ ባረፈ ቁጥር ጉርሻው ላይ ያማትባል። እያወራ፣ እየሳቀ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ። ክረምቱን ሙሉ፣ ቁርስም እራትም። ክፋት የለበትም፤ ለሱ እንደ መተንፈስ ነው። እኔን ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ቢጠላኝ ይሻለኝ ነበር፤ የሚጠላህን ሰው ትመታዋለህ፣ እያፈቀረህ የሚያማትብብህን ግን ምን ታደርገዋለህ?

ዘመቻው ሲያልቅ አስተባባሪው ጥሩ ያስተማሩ አሰብ ወርደው ሳምንት ያርፋሉ አለ። የዲያቆኑን ስም ጠራና «ከነጓደኞቹ» ብሎ ጨመረ። ዝርዝሩ ላይ ያለሁት እኔ «ጓደኞቹ» ነኝ።

አሰብ የደረስነው ጧት ነው። ጭነት መኪናው ላይ ቆመን ስናይ ድንገት መሬቱ አለቀ። ሸሁ «ያ አላህ» አለ። እኔ የምለው ጠፋኝና ተሳደብኩ። ዲያቆኑ ከመኪናው ወረደ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማውን አወለቀ፣ ውሃው ዳር ሄዶ ጣቱን ነከረና ቀመሰ። «አሞሌ» አለ። ቀጥሎ ሙሴ ሕዝቡን ያሻገረው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። በጉምሩክ በኩል አልኩት። እንባ አቅርሮ ነበር፣ ነገሬን አልሰማም። ፈርዖንን ከነሠረገላው የዋጠው ይኼ ነው፣ መጽሐፍ ላይ ያለው ውሃ ይኼ ነው እያለ ለራሱ ያወራል።

ያደርነው ባሕሩ ዳር ያለ አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ነው። ከዚያ ሳምንት የበለጠ ዕረፍት ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም፤ ይኼንንም አልክድም። ጧት ፀሐዩ ሳይበረታ ውሃ ውስጥ፣ ቀን አሸዋው ላይ በተገለበጠ ጀልባ ጥላ ሥር፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ ውሃ። የሚጠራን የለም፣ ስብሰባ የለም፣ መፈክር የለም። ሸሁ ከወደብ ልጆች ጋር ኳሱን ይለጋል። ዲያቆኑ ዳዊቱን ይዞ እግሩን ውሃው ውስጥ ዘርግቶ ይደግማል፣ ማዕበል ሲመጣ መጽሐፉን ከራሱ በላይ ያነሣል። ከፎቅ የሚበልጡ መርከቦች ቆመው ይታያሉ። በሦስተኛው ቀን ፊታችን ተልጦ ሌላ ፊት አወጣን።

ዲያቆኑ ዋና አይችልም፤ እኔ የወንዝ ልጅ ነኝ፣ እችላለሁ። አስተምረኝ አለኝ። ደረቱ ድረስ አስገባሁትና በጀርባህ ተኛ አልኩት። መዳፌን ከወገቡ ሥር አደረግሁለት። መጀመሪያ እንደ እንጨት ተገተረ። «ልቀቀው ሰውነትህን፣ ይዤሃለሁ» አልኩት። ለቀቀው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማተቡ አንገቱ ላይ እየተንሳፈፈ፣ እንደ ሕፃን እጄ ላይ ተኛ። በኋላ እጄን ቀስ ብዬ ሳወጣው አላወቀም፣ ተንሳፍፎ ቀረ። ዓይኑን ገልጦ ራቅ ብዬ ሲያየኝ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ወደድኩት። ይኼን የምጽፈው ይቅር እንድትሉኝ አይደለም። እንደዚያ ስለነበረ ነው።

የሥጋ ነገር ይምጣ እንግዲህ። እኛ ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይድራል፣ ሥጋ ሲሆን ግን ቢላዋው ይለያል። ሠርግ ላይ ሁለት ሰንጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ሁለት ዳስ ይጣላል። የሌላውን ሥጋ በላህ ማለት ሃይማኖትህን ለወጥህ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ንግግር የለም። አሰብ ደግሞ እኛ የምንበላበት ምግብ ቤት የእስላም ነው። ባለቤቱ ጺማም፣ ከወገቡ ሽርጥ የማይለይ፣ ፍየሉን በር ላይ ሰቅሎ የሚውል ሰው ነበር። ዲያቆኑ ያገኘው መውጫ ዓሣ ነው። ዓሣ ቢላዋ አያይም፣ በስመ አብም ቢስሚላህም አይባልበትም። ረቡዕና ዓርብ ዳቦ በሻይ፣ ሌላውን ቀን ዓሣ። እኔ ግን በሁለተኛው ቀን ፍየሉን እስክጠግብ በላሁ። ዲያቆኑ ደንግጦ አየኝ። ከቡዳ በታች ምን ደረጃ አለ ብለህ ነው አልኩት። ሸሁ ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም፣ ስለ ነፍሴ እንደሚጸልይ ነገረኝ።

በአምስተኛው ቀን አመሻሹ ላይ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ከኛው ደጋ የወረዱ ሁለት የወደብ ወዛደሮች አብረውን አሉ፣ የአገር ልጅ ብለው ሻይ አዘውልናል። የማን ልጆች ናችሁ፣ አባቶቻችሁ ምን ይሠራሉ ብለው ጠየቁ። ሸሁ የራሱን ተናገረ። እኔ አባቴ ገበሬ ነው ልል አፌን ስከፍት ዲያቆኑ ቀደመኝ። ደስ ብሎት ነበር፣ ውሃው ላይ መንሳፈፍ የቻለበት ቀን ነው፣ መቀለድ አማረው።

«የዚህኛው አባት ቀጥቃጭ ናቸው» አላቸው ትከሻዬን አቅፎ። «ግን አይዟችሁ፣ ይኼ አይበላም። ክረምቱን ሙሉ አብሬው በልቼ ይኸው አለሁ።»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አንደኛው ወዛደር እየሳቀ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነና ወንበሩን ትንሽ ወደዚያ ገፋ አደረገ። ማንም የማያውቀኝ አገር፣ ከቤቴ ይኼን ያህል ርቄ፣ ባሕር ዳር ሻይ እየጠጣሁ፣ ቡዳነቴ በጓደኛዬ ትከሻ ተጭኖ ተከትሎኝ መጣ። ዲያቆኑ እጁን ከትከሻዬ አላወረደም። ምን እንዳደረገ ዛሬም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በነጋታው ሸሁ ኳሱን ሊጫወት ሲሄድ ምግብ ቤቱ ጓዳ ገባሁ። ለባለቤቱ አጥንት የሌለበት ፍየል፣ እንደ ዓሣ ወጡ በቃሪያና በቲማቲም አድርገህ ሥራልኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ ሰው ያዘዘውን ሠራ። ከዚያ ዲያቆኑን ጀልባው ሥር አገኘሁትና ዛሬ ያልቀመስከው ዓሣ አስመጣሁልህ አልኩት። ከጥልቁ የሚወጣ፣ ሥጋው ቀይ፣ ጣዕሙ ቁርጥ ፍየል የሚመስል፣ እዚህ የባሕር ፍየል ይሉታል አልኩት። ስሙን እኔ ነኝ እዚያው ቆሜ ያወጣሁለት። ዓሣ አጥማጅ ቢሰማኝ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፤ ግን የደጋ ሰው ከባሕር የማይወጣ ነገር አለ ብሎ በምን ያውቃል? ሙሴ ወጥቶበት የለ?

ሞኝ አልነበረም። መጽሐፉ የሚያዘውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ክንፍና ቅርፊት አለው?»

ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ነገር ለኛ አይበላም። አለው አልኩት። ቅርፊቱን ሲፍቁ ቆሜ አየሁ፣ ቅርፊቱ የብር ሳንቲም ያህላል አልኩት። «እንግዲያ ንጹሕ ነው» አለና ተነሣ። ሕጉን ጠንቅቆ ማወቁ ነው ያስበላው። ያልተማረ ቢሆን አጥንቱን አሳየኝ ይል ነበር።

በላ። ሳየው አማተበበት፣ ከዚያ በላ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም አለ። ትሪውን በዳቦ ጠርጎ ጨረሰና ድገሙኝ አለ። ሁለተኛው ሰሃን ላይ እንዳለ ሸሁ ላቡን እየጠረገ ደረሰ፣ ከትሪው አንድ ቆረሰና ጎረሰ። ማላመጡን አቆመ። ሸሁ የፍየል ሥጋ በልቶ ያደገ ልጅ ነው። ዲያቆኑን አየ፣ እኔን አየኝ። ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ዋጠና ዝም አለ።

በኋላ ጀልባው ጀርባ ወስዶ ደረቴን ይዞ ገፋኝ። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። በኛም ሐራም ነው፣ ሰውን በማታለል ከእምነቱ ማውጣት በኛም ሐራም ነው አለ። ቀልድ ነው አልኩት። ምኑ ነው ቀልዱ አለ። እሱም መናገር አልቻለም፤ ቢነግረው ልጁ ያብዳል፣ ባይነግረው እሱም ተባባሪ ነው። በመጨረሻ ለመነኝ።

«ወላሂ አንተን አላውቅህም። ግን ስለ እናትህ፣ ይኼ ነገር እዚሁ ባሕሩ ውስጥ ይቅር።»

ይቀራል ብዬ ማልኩለት። ስምልለትም ከልቤ ነበር። የበቀልኩ መስሎኝ ነበርና።

አገራችን ገባን። ወራቱ አለፈ። ዲያቆኑ ስለ ባሕሩ ለሰው ሁሉ ያወራል። ለአባቱ፣ ለካህናቱ፣ ለሰንበቴው ማኅበር ሳይቀር ስለዚያ ፍየል ፍየል ስለሚል ዓሣ ያወራላቸዋል። «የእግዚአብሔር ሥራ ድንቅ ነው» ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እኔ እዚያ ቆሜ እሰማለሁ። ነገሩን እንደ ጋለ ብረት በጉጠት ይዤ ነበር የምዞረው፤ አልጥለው፣ አልመታው። ሸሁ ባየኝ ቁጥር በዓይኑ ይለምነኛል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቄሱ ቤታችን መጡ። ራሳቸው በእግራቸው መምጣታቸው ትልቅ ክብር ነው፣ አባቴ ከወናፉ ላይ ተነሥቶ እጁን በቁምጣው ጠረገ። ለሠርጉ ሊጠሩን ነው። እናቴ ቁርበት አነጠፈች። ሳይቀመጡ ነው የተናገሩት። ልጆቹ አብረው ዘምተው እንደ ወንድማማች ሆነዋል፣ እናንተም አትቀሩም አሉ። ቀጠሉና በለሰለሰ ድምፅ፣ እንግዳ ስለሚበዛና የመሪጌታው ዘመዶች ከወግዲ ስለሚመጡ፣ ለናንተ ከዳሱ ጀርባ ከባሕር ዛፉ ሥር ለብቻ ቦታ ይዘጋጃል፣ ሥጋውን ጥሬውን እንሰጣችኋለን፣ እዚያው በራሳችሁ ድስት ትሠራላችሁ አሉ። ሰው እንዳይከፋው ነው አሉ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ አባ፣ አሰቡን» አለ።

ያ «አሰቡን» ነው ያፈነዳኝ።

«አባ፣ ልጅዎ ከዳስ ጀርባ አልበላም» አልኳቸው። «ከኔ ጋር ካንድ ትሪ ሲበላ ነው የከረመው። አሰብ ላይ ደግሞ በእስላም ቢላዋ የታረደ ፍየል ከኔ እጅ በልቷል። ያ ዓሣ የሚላችሁ ፍየል ነው። ሁለቴ ነው የበላው።»

ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው ቆሙ። እኔን አይደለም ያዩት፣ አባቴን ነው። ከዚያ ወጥተው ሄዱ። እናቴ ቁርበቱን ጠቅልላ አነሣች።

በሦስተኛው ቀን ካህናቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰብስበው አስጠሩኝ። ዲያቆኑ ነጠላውን አጣፍቶ መሃል ቆሟል። ነገሩ ለነሱ ቀላል ነበር፤ አላመኑኝም። ማለት፣ ላለማመን ተዘጋጅተው ነው የመጡት። አንድ ትልቅ ቄስ ወደ ልጁ ዘወር ብለው፣ ልጄ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ቅናት ነው በል፣ በል እንጂ፣ እኛም ይኼን ተናግረን እንበተናለን አሉት። በሩን ወለል አድርገው ከፍተውለት ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። እኔም እንደዚያ የሚል መስሎኝ ለመሳደብ ተዘጋጅቼ ነበር።

እሱ ወደኔ ዞረ። «ቅርፊት ነበረው ብለኸኝ ነበር» አለ።

«ፍየል ነበር» አልኩት። «ቢስሚላህ ብሎ ያረደው የምግብ ቤቱ ባለቤት ነው።»

አፉን በመዳፉ ያዘ፣ አሁን የበላ ይመስል። ቆይቶ እጁን አወረደና ለካህናቱ ተናገረ።

«በልቻለሁ፣ አባቶቼ። ጣፍጦኝም አስደግሜያለሁ።»

አባቱም ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ።

ሳያውቅ ነው የበላው ተብሎ ቀለል ብሎ ተፈረደለት። ከእምነት ወጥቶ የሚመለስ ሰው ጸሎት ተደግሞለት በጠበል የሚጠመቅበት ቄደር የሚባል ሥርዓት አለ፣ እሱ ይደረግለት፣ አርባ ቀን መቅደስ አይግባ ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ይቅር ብላዋለች እንግዲህ። ያላለው ወግዲ ነው። መሪጌታው አርባውን ቀን አልጠበቁም፤ ሽማግሌ ላኩና፣ የልጄ ባል የሚሆነው ሰው የሚጎርሰውን የሚያውቅ መሆን አለበት አሉ፣ ነገሩ ፈረሰ። ወሬው ከሽማግሌው ቀድሞ ደጎሎ ገበያ ደርሶ ነበር፣ አጅባርም ደርሷል። ከየትኛውም የካህን ቤት ልጅ የሚሰጠው አልተገኘም። ልጅ ከሌለች ቅስና የለም። የተጠመቀውም ተጠምቆ ደጅ ቀረ።

የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ መንገድ ላይ አግኝቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ኋላ ቀር ባህል ላይ ምት አሳርፈሃል፣ ጓድ አለኝ። ምቱ ያረፈበትን ሰው አላየሁትም መሰለኝ፣ ምክንያቱም ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ለአንድ ቀን ያህል።

ሰፈሩ የሚለውን አለ፤ የቀጥቃጩ ልጅ ቄስ በላ አሉ። ማረሻቸውን ማምጣት ግን አላቆሙም፣ ሌላ ቀጥቃጭ የለማ። ሳምንቱን ሙሉ ከአባቴ ጋር ብረት ስንቀጠቅጥ ሰነበትን። መዶሻውን ሲያነሣ ወናፉን እነፋለሁ፣ ሲያወርድ አቆማለሁ፣ ሌላ ነገር በመሃላችን የለም። አንድ ቀን ብረቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲጮህ አስጨርሶ ተናገረ።

«ሠላሳ ዓመት ሰው ይበላል ሲሉኝ ኖርኩ፣ አንድ ሰው በልቼ አላውቅም። አንተ በላህልኝ።»

እሱ ያጎነበሰው ለኔ እንደሆነ ነገረኝ። ደጃችንን እንዳይዘጉት፣ ማረሻው እንዲመጣ፣ እኔ ደብተር እንዲኖረኝ። የተዋረደው እሱ ነው፣ ውርደቱን እንደ እህል አድርጎ ነው ያበላን። እኔ ግን ያኔም ደሜ ፈልቶ ነበር፤ እንኳን አላጎነበስኩልህ አልኩት። ይኼን ያልኩበትን አፍ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

ጥር ሲገባ፣ ሠርጉ ሊሆን በነበረበት ሳምንት፣ ዲያቆኑ ወናፍ ቤታችን መጣ። ዲያቆኑ የምለው ሌላ ስም ስላላወጣሁለት ነው። አኩፋዳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል፣ ዳዊቱ ውስጡ ነው። ዓባይን ተሻግሬ ጎጃም ልሄድ ነው፣ ከቅኔ ቤት እገባለሁ አለ። ቅኔ ለተማረ ሚስት አይጠየቅም፣ ሥጋም አይጠየቅም አለ፣ ትንሽ ፈገግ ብሎ። አባቴ ተነሥቶ ለብቻችን ተወን።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይመታኝ እንደሆነ መዶሻውን ወደ ጎን ሸሸግሁ። ለምን አደረግህብኝ ይለኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ የሻይ ቤቱን ነገር፣ የትከሻዬን እጅ፣ ብርጭቆውን የከደነውን ሰውዬ፣ ሁሉንም ላፈስስበት። ከዚያ ከአሰቡ ምሽት ጀምሮ ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ።

አልጠየቀኝም። ለምን እንዳደረግሁት ማወቅ አልፈለገም። የቀጥቃጭ ልጅ ምን ያደርጋል ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ለሱ መልሱ ድሮም የታወቀ ነው። የመጣው ለሌላ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሸሁ ያውቅ ነበር?»

ሲጠይቀኝ የአኩፋዳውን ማንገቻ በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። ደጀ ሰላሙ ላይ እንኳን እንደዚያ ሲጨነቅ አላየሁትም። ገባኝ፤ እኔን ከሰው ቁጥር አውጥቶኛል፣ ሸሁን ግን ከባሕሩ ይዞት ሊሄድ ይፈልጋል። አንድ ጓደኛ ነበረኝ ብሎ ዓባይን ሊሻገር ነው። እውነቱን ብነግረው ቀላል ነበር። በልተህ ልትጨርስ ስትል ነው የደረሰው፣ አላወቀም፣ ሲያውቅ ደረቴን ይዞ ገፋኝ፣ ለመነኝ፣ ሦስት ወር በዓይኑ ሲለምነኝ ከረመ። ይኼው ነው እውነቱ።

«ያውቅ ነበር» አልኩት። «አብረን ነው ያሰብነው።»

ራሱን ነቀነቀ። አኩፋዳውን አስተካከለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወጣ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። የአባቴን ማጭዶች ይዤ ወርጄ መደባችን ላይ ዘረጋሁ። ከኛ ማዶ ሸሁ የአባቱን ጨርቅ እየዘረጋ ነው። ዲያቆኑ በመሃል አለፈ። ሸሁ አየውና ጣቃውን ጥሎ እየሮጠ ደረሰበት፣ እጁን ዘርግቶ ሰላም አለው። ዲያቆኑ እጁን አላነሣም። እንደማያውቀው ሰው ዞር ብሎ አልፎት ሄደ፣ ወደ ዓባይ መንገድ። ሸሁ እጁ እንደተዘረጋ መንገዱ ላይ ቆመ፣ ሰው እየገፋው ያልፋል።

ቆይቶ ወደኔ መጣ። ምን ሆኖ ነው፣ እኔ ምን አደረግሁት አለኝ።

«እንጃ» አልኩት፣ ማጭዶቹን እያስተካከልኩ።